ቤት ስታድሱ ከኮርኒሱ በፊት ስለ ኤሌክትሪኩ አስቡ፦ “ምጣዱ ትንሽ ይነዝራል” ለምትሉ ሁሉ

 

ዛሬ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ጨጓራ አይደለም የማወራችሁ። ስለ ቤት እድሳት ነው። “ዶክተር ደግሞ ምን አገባት?” እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡትና ፍረዱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ኮንዶሚኒየም ቤቷን ልታሳድስ ለዓመታት ስትቆጥብ ኖራ ዘንድሮ ተሳካላት። ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቦ በጀት ስናወጣ ዝርዝሩ ይሄ ነበር፦ የጂፕሰም ኮርኒስ ከነመብራቱ፣ የሻወር ቤት ሴራሚክ፣ የኪችን ካቢኔት፣ ቀለም። ስለ ኤሌክትሪክ መስመር የተጻፈ አንድም ነገር የለም። ብጠይቅ ወንድሜ “መብራቱ እየበራ አይደል እንዴ? ምኑ ይታደሳል?” አለኝ።

በዚያው ሰሞን ነው እማዬ እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ቆሜ የነበረው። ምጣዱን ከመንካቷ በፊት ነጠላ ጫማዋን ፈልጋ አጠለቀች። “ምነው?” ስላት “አይ፣ ትንሽ ይነዝራል፤ በጫማ ሲሆን ግን ምንም አይል” አለችኝ። ለስንት ጊዜ? “ቆየ እኮ፣ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው።”

ሁለት ዓመት! ልጇ ሐኪም ሆና፣ እናቴ በየሳምንቱ በአንድ የላስቲክ ጫማ ተማምና ከኤሌክትሪክ ጋር ስትደራደር ኖራለች።

📌 ለምን እንዲህ ደነገጥኩ?

ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ማታ 4 ሰዓት ገደማ አንዲት ወጣት ሴት ሻወር ስትወስድ ኤሌክትሪክ ይዟት ቤተሰቦቿ ተሸክመው አመጧት። (ማንነቷን የሚገልጹ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ።) እጇ ላይ ትንሽ የተቃጠለ ምልክት ነበረ። ስትደርስ ነቅታለች፣ ግን ለተወሰኑ ሰከንዶች ራሷን ስታ ነበር። የልብ ምርመራ አነሳን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሞኒተር ላይ አቆየናት፣ ደምና ሽንቷን አየን። ጠዋት ላይ ደህና ነበረች።

ያዳናት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ወንድሟ ነው። ጩኸት ሲሰማ ወደ እሷ አልሮጠም፤ መጀመሪያ ወደ ብሬከሩ ሮጦ አጠፋው። እሷን ለመጎተት ቢሞክር ኖሮ ምናልባት ሁለት በሽተኛ ይመጣልን ነበር፤ ወይም ጭራሽ ሆስፒታል የሚደርስ አይኖርም ነበር።

የሚያሳዝነው ግን እናትየዋ የነገረችኝ ነው። “ቧንቧው ድሮም ትንሽ ይነዝር ነበር” አለች። ያቺው ቃል! “ትንሽ ይነዝራል።”

📌 “ትንሽ ይነዝራል” ማለት ምን ማለት ነው?

በአገራችን ቤት ውስጥ የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ሰውን የሚጎዳው ግን በሰውነት ውስጥ የሚያልፈው የከረንት መጠን ነው፤ እሱም በሚሊአምፔር ይለካል። በግምት እንዲህ ነው፦

👉 1 ሚሊአምፔር አካባቢ፦ የመንዘር ስሜት ብቻ
👉 ከ10 እስከ 20 ሚሊአምፔር፦ የእጅ ጡንቻ ይኮማተራል፤ ሰውየው የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል። “ኤሌክትሪክ ያዘው” የምንለው ይሄን ነው
👉 ከ50 እስከ 100 ሚሊአምፔር ደረትን አቋርጦ ለሰከንዶች ካለፈ፦ የልብ ምት ሊዘበራረቅና ልብ ደም መርጨቷን ልታቆም ትችላለች

አሁን ልብ በሉ። ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክን በደንብ ይቋቋማል። እርጥብ ቆዳ ላይ ግን የሰውነታችን የመቋቋም አቅም ወደ 1,000 ኦም አካባቢ ሊወርድ ይችላል። 220ን ለ1,000 ብታካፍሉት 220 ሚሊአምፔር ይመጣል። ይሄ ልብን ከሚያቆመው መጠን በላይ ነው።

ስለዚህ ዛሬ በደረቅ እጅና በጫማ “ትንሽ የነዘረ” ምጣድ፣ ነገ በሊጥ በራሰ እጅና በባዶ እግር ሲነካ ያው ምጣድ ነው፤ የተለወጠው የእኛ ቆዳ ብቻ ነው። የነዘራችሁ ዕቃ በሙሉ አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው፦ ኤሌክትሪኩ ከሽቦው ወጥቶ ወደ ብረቱ አካል ደርሷል፣ ወደ መሬት የሚወስደውም መስመር የለም። መስመሩን እናንተ እስክትሆኑለት እየጠበቀ ነው።

📌 “ብሬከር አለን እኮ!”

ይሄን ወንድሜም ብሎኛል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው፦ መደበኛው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ እናንተን አይደለም። 16 አምፔር ብሬከር ማለት 16,000 ሚሊአምፔር ማለት ነው። ሰው የሚሞተው ከዚያ እጅግ ባነሰ መጠን ስለሆነ ብሬከሩ ምንም ሳይመስለው ይቀመጣል።

ሰውን የሚጠብቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፦

1ኛ. የመሬት ሽቦ፣ ባለሙያዎች ግራውንድ ወይም ኧርዝ የሚሉት። ቀለሙ አረንጓዴና ቢጫ ነው። ያመለጠውን ኤሌክትሪክ በእናንተ ፋንታ እሱ ወደ መሬት ይወስደዋል።

2ኛ. አርሲዲ የሚባለው መሣሪያ፤ አንዳንድ ባለሙያዎች ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ይሉታል። ወደ ዕቃው የሚሄደውንና የሚመለሰውን ከረንት እያነጻጸረ ይቆጣጠራል። ሳይመለስ የቀረ ካለ ‘በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው በኩል እየወጣ ነው’ ብሎ ይቆርጣል። ለቤት የሚገባው ባለ 30 ሚሊአምፔሩ ነው። ከ0.3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይቆርጣል።

ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አርሲዲ ስላስገባን ግራውንድ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ መደበኛው ብሬከርም ይቀር ማለት አይደለም። ደግሞ አርሲዲ ሁሉን ቻይ አይደለም፤ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለቱን ሽቦዎች ከያዘ ላያውቀው ይችላል።

📌 እኛ ቤት ምን ተገኘ?

አንድ የሚታመን ኤሌክትሪሺያን አስመጣን። ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ፈታ፣ በመለኪያው ለካ። ከአንድ ሰዓት በኋላ “ዶክተር፣ ነይ እዪው” አለኝ። የመሬት ሽቦው ሶኬቱ ላይ ታስሯል። ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ግን ጫፉ ተጠቅልሎ ቁጭ ብሏል፤ ከምንም ጋር አልተገናኘም። ሶኬታችን ለዓይን ባለ ግራውንድ ነው፣ በተግባር ግን ባዶ ነበር። ምጣዱም፣ የሻወር ማሞቂያውም፣ ፍሪጁም።

በዚያ ላይ ምጣዱ፣ ፍሪጁና የሳሎን ሶኬቶች በሙሉ በአንድ መስመር ላይ ነበሩ። ምጣድ ሲሰካ ብሬከሩ እየወደቀ ሲያስቸግር፣ በፊት የመጣ ሰው ሽቦውን ሳይቀይር ብሬከሩን ብቻ በትልቅ ቀይሮት ሄዷል። ይሄ በጣም አደገኛ ነገር ነው። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ግድግዳ ውስጥ ይግላል፣ ብሬከሩ ግን ዝም ይላል። እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው።

ያን ማታ ቤት ውስጥ ክርክር ተነሳ። ገንዘቡ ለኮርኒሱና ለመስመሩ እኩል አይበቃም። ወንድሜ “ለሰው የሚታየው ኮርኒሱ ነው። ግድግዳ ውስጥ ለሚቀበር ሽቦ ይሄን ሁሉ ብር? አንቺ ደግሞ ሐኪም ነሽ እንጂ ኤሌክትሪሺያን አይደለሽም” አለኝ። እውነቱን ነው፣ አይደለሁም። ስለዚህ ስለ ሽቦ አልተከራከርኩትም። ስለዚያች ወጣት ነገርኩት። እናትየዋ ያለችውን ቃል በቃል ነገርኩት። ዝም አለ። እማዬ ናት የጨረሰችው፦ “የሳሎኑ ኮርኒስ ለሚመጣው ዓመት ይቆይ። ሳልሞት የምጋግርበትን አስተካክሉልኝ” አለች።

📌 እድሳት ላይ ከሆናችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ

እኔ ሐኪም ነኝ፤ ስሌቱንና ሥራውን የሚሠራው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። ግን ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እወቁ። ከኛ ቤት የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

1. ከልስንና ከሴራሚክ በፊት ጀምሩ። ኤሌክትሪክ የመጨረሻ ሥራ አይደለም። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ግድግዳ መፈልፈል ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

2. መጀመሪያ ዕቃችሁን ቁጠሩ። በየዕቃው ላይ ስንት ዋት እንደሆነ ተጽፏል። ዋቱን ለ220 ስታካፍሉት አምፔሩ ይመጣል። የእማዬ ምጣድ 3,500 ዋት ነው፤ ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። የሻወር ማሞቂያዋም 3,500 ነው። የውሃ ማፍያ ጀበናዋ 2,000። ሦስቱ አንድ ላይ 9,000 ዋት፣ ወደ 41 አምፔር! የቤቱ ዋና ብሬከር ደግሞ 32 አምፔር። ለምን እንደሚወድቅ ገባችሁ? መፍትሔው ብሬከር ማሳደግ አይደለም። ወይ አብሮ አለመጠቀም፣ ወይም አቅም ለማሳደግ በአካባቢያችሁ ላለው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ማመልከት ነው። እኛ ለጊዜው የመጀመሪያውን መረጥን፤ ምጣድ ሲጣድ ሻወር የለም።

3. ትልልቅ ዕቃዎች የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው። ምጣድ ለብቻው፣ የሻወር ማሞቂያ ለብቻው፣ ስቶቭ ለብቻው። የተለመደው አሠራር ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ለሶኬት 2.5፣ ለምጣድ 4፣ ለከፍተኛ ዋት ማሞቂያ ወይም ስቶቭ 6 ነው። እንደ ርቀቱና እንደ ዋቱ ሊለያይ ስለሚችል ባለሙያው ያስላው። ብሬከሩ ሁልጊዜ ከሽቦው አቅም ጋር ይመጣጠን።

4. ፍሪጁን አስቡለት። ቤታችሁ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ ይሄ የጤና ጉዳይ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ፍሪጁ ከምጣድ ጋር በአንድ መስመር ላይ ከሆነ ምጣዱ ብሬከር ሲጥል ፍሪጁም አብሮ ይጠፋል፣ ማንም ሳያስተውል ሊያድር ይችላል። ከተቻለም ሁለት አርሲዲ አድርጉ፤ አንዱ ሲቆርጥ መላው ቤት እንዳይጨልም።

5. ግራውንዱን አስለኩ፤ “አለ” የሚል መልስ አትቀበሉ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የግራውንድ መስመሩ ከሕንጻው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከብሎኩ ኮሚቴ ጋር ተነጋግራችሁ ማየት ያስፈልጋል። የመሬት ሽቦን ከውሃ ቧንቧ ጋር ማሰር ክልክል ነው! የእናንተን ችግር ለጎረቤታችሁ ሻወር ማስተላለፍ ነው።

6. ሻወር ቤት። የማሞቂያው ማብሪያ ማጥፊያ ከሻወር ቤቱ ውጭ ይሁን። ሶኬት እዚያ ውስጥ ባይኖር ይመረጣል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን የግድ እዚያ የሚቀመጥ ከሆነ ሶኬቱ ከውሃ የራቀ፣ ክዳን ያለውና በአርሲዲ የተጠበቀ ይሁን።

7. ሶኬት ብዛት ላይ አትቆጥቡ። ሶኬት ሲያንስ ምን ይሆናል? ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ፣ ከዚያም ምንጣፍ ስር። ምጣድ፣ ማሞቂያና ካውያ በዲቫይደር መሰካት የለባቸውም። ሕፃናት ካሉ ቀዳዳው በውስጥ መከለያ የሚዘጋ ሶኬት ምረጡ።

8. ለአዛውንቶች መብራት። የአረጋውያን የዳሌ አጥንት ስብራት ብዙ ጊዜ ከመውደቅ ነው የሚመጣው፤ ሌሊት ለሽንት በጨለማ መነሳት ደግሞ አንዱ አጋጣሚ ነው። ከአልጋ አጠገብ የሚበራና ሽንት ቤት በር ላይ የሚጠፋ ሁለት ቦታ ማብሪያ ያለው መብራት አስገቡ። እድሳት ላይ ዋጋው ትንሽ ነው።

9. ፎቶ አንሱ! ሽቦው ከተዘረጋ በኋላ፣ ልስኑ ከመሸፈኑ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ በስልካችሁ አንሱ። ነገ መጋረጃ ወይም መደርደሪያ ለመስቀል ስትበሱ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ቱቦዎቹም ቀጥ ብለው ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሂዱ፣ ሰያፍ አይሁኑ።

10. ከመክፈላችሁ በፊት አስፈትሹ። እያንዳንዱ ብሬከር ላይ የምን እንደሆነ ይጻፍበት። አርሲዲው ላይ ‘ቲ’ የሚል ምልክት ያለው ቁልፍ አለ፤ ሲጫን ወዲያው መቁረጥ አለበት። ካልቆረጠ አይሠራም ማለት ነው። ከዚያ በኋላም በየጥቂት ወሩ እየተጫናችሁ ፈትኑት።

📌 ኤሌክትሪክ ሰው ቢይዝስ?

❗ አትንኩት። መጀመሪያ ከብሬከሩ አጥፉ። ማጥፋት ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ከሽቦው አላቁት። የወደቀ የመንገድ ሽቦ ከሆነ ግን ጭራሽ አትቅረቡ።

❗ ካልነቃና በትክክል የማይተነፍስ ከሆነ ወዲያው ደረቱን መጫን ጀምሩ፦ በደረት መሃል፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። እርዳታ እስኪመጣ አታቁሙ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ።

❗ ቃጠሎውን ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ አቀዝቅዙ፤ ይሄን የምታደርጉት ኤሌክትሪኩ መጥፋቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ነው። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ አትቀቡ።

❗ መሬት መቅበር፣ አፈር ማልበስ የሚባለው ነገር አይሠራም። ጊዜ ያባክናል፣ ቁስል ያመረቅዛል።

እነዚህ ካሉ “ደህና ነኝ” ቢልም ሆስፒታል ይሂድ፦ ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ደረቱን ካመመው ወይም የልብ ምቱ ከተዛባ፣ ቃጠሎ ካለ፣ መደንዘዝ ካለ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች። ከላይ ያለው ቁስል ትንሽ ሆኖ ውስጡ ያለው ጡንቻ ብዙ ሊጎዳ ይችላል። ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ ጡንቻው ተጎድቶ ኩላሊቱን እያስቸገረ ሊሆን ስለሚችል አትዘግዩ። ሽቦ ነክሶ ከንፈሩ የተቃጠለ ሕፃን ደግሞ ቀናት ቆይቶ፣ አንዳንዴ ከሳምንት በኋላ፣ በድንገት ብዙ ደም ሊፈሰው ይችላል፤ የግድ በሐኪም ይታይ።

📌 እኛ ቤት እንዴት አለቀ?

የብሎኩን ኮሚቴ አነጋግረን የመሬት መስመሩ ተገናኘ፣ ተለካ። ለምጣዱና ለሻወሩ አዲስ መስመር ተዘረጋ፣ ሁለት አርሲዲ ገባ። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? አዲሱ መስመር በተለቀቀ የመጀመሪያው ቀን እማዬ ምጣዱን ስትሰካው አርሲዲው ጠቅ ብሎ ቆረጠ። ወንድሜ “ይኸው፣ ተበላሸ!” አለ። ኤሌክትሪሺያኑ ግን ሳቀና “አልተበላሸም፣ ሥራውን ጀመረ እንጂ” አለው። ምጣዱን ገልብጦ ሲፈታው የውስጡ ማሞቂያ ሽቦ ላልቶ ከብረቱ ጋር ይነካካል፤ ዙሪያውን የደረቀ ሊጥ ሞልቶታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ነበር እማዬን ሲነዝራት የኖረው።

ምጣዱ ተጠገነ። የሳሎኑ ኮርኒስ አሁንም አሮጌው ነው። እንግዳ ሲመጣ እማዬ “ለሚመጣው ዓመት ነው” እያለች ታስረዳለች። ባለፈው ቅዳሜ ስትጋግር አጠገቧ ቆሜ “አሁንስ እንዴት ነው?” አልኳት። ማሰሻውን እያዞረች “ዝም አለ” አለችኝ። ነጠላ ጫማዋን ግን አሁንም አድርጋዋለች፤ ይሄን እንኳን አላስጣልኳትም። 😊

ዛሬ አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። እናታችሁን፣ እህታችሁን ወይም ቤት ውስጥ የምታግዛችሁን ልጅ “ምጣዱ ይነዝርሻል?” ብላችሁ ጠይቋት። መልሷ “ትንሽ” ከሆነ ንቀሉትና ለባለሙያ ደውሉ።

ለምትወዱት ሰው፣ በተለይ ቤት እያሳደሰ ላለ ሰው ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ በኮመንት አስቀምጡልኝ፣ ተራ ባልሆንኩ ጊዜ እመልሳለሁ።